የሴራሚክ ማጣሪያው በጠብታ ብቻ ሲወርድ

ምልክቱ፦ ማታ የተሞላው የላይኛው ባልዲ ጠዋት ግማሹ እንኳ አልወረደም። አዲስ ሻማ (ነጩን ሴራሚክ) ለመግዛት አይቸኮልም። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ላዩን የሸፈነው ደለል ነው፤ በተለይ ክረምት ላይ፣ ወይም ውሃ ጠፍቶ ሲመለስ።

ችግሩ የሚፈታው እንዲህ ነው። እጅ ታጥቦ ዳዶው ይፈታል፣ ሻማው ይወጣል። ንጹሕ ውሃው የሚወርድበት ቀጭን ቱቦ በጣት ተደፍኖ፣ ነጩ እስኪታይ በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ይፈተጋል። ሳሙና አይነካውም፤ ቀዳዳዎቹ ውስጥ ገብቶ ጣዕሙ አይለቅም። የብረት ሽቦ ደግሞ ሴራሚኩን ይበላዋል።

ከመገጠሙ በፊት ስንጥቅ ይፈተሽ። ይሄን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ሻማው 30 ደቂቃ ውሃ ውስጥ ይነከርና እንደጠለቀ በቱቦው ቀስ ተብሎ ይነፋል። አረፋ ከአንድ ቦታ ቡልቅ ቡልቅ ካለ፣ በተለይ ሴራሚኩና ፕላስቲኩ ከተጣበቁበት፣ ይጣል፤ ጀርም በዚያ ያልፋል። ጎሚኒው በሻማውና በባልዲው ወለል መካከል ይቀመጣል። ዳዶው በእጅ ብቻ ይጠብቃል፤ ፒንሳ ፕላስቲኩን ይሰነጥቀዋል። መጀመሪያ የተጣራው ውሃ ይደፋል።

ድፍርስ ውሃ ሌሊቱን ዘቅጦ በታጠፈ ንጹሕ ነጠላ ቢጠለል ሻማው ቶሎ አይደፈንም።

በስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ለሚጠጣ ግን፦ ይህ ሻማ ፍሎራይድን (ሲበዛ ጥርስና አጥንት የሚጎዳ፣ ውሃ ውስጥ የሟሟ ማዕድን) አይቀንስም፣ ማፍላትም አይቀንሰውም። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ከዚያ ካለፈ የአጥንት ከሰል ማጣሪያ ወይም አርኦ (ውሃውን በግፊት በረቂቅ ሽፋን የሚያሳልፍ ማጣሪያ) ይፈለግ።