ፎቶሾፕ ስትጀምሩ ሌየርና ማስክን አስቀድሙ

ፎቶሾፕን ለመጀመሪያ ጊዜ የከፈተ የዲዛይን ተማሪ በምልክቶቹ ብዛት ይደነግጣል። ሁሉንም አንድ በአንድ ላጥና ማለት አያዋጣም። ሌየር (አንዱ በሌላው ላይ የሚደረብ የምስል ንብርብር) እና ማስክ (የሌየሩን ክፍል ሳያጠፋ የሚደብቅ መሸፈኛ) ከገቧችሁ ሌላው እየሠራችሁ ይመጣል።

ፕሮግራሙን መግዛት ካልቻላችሁ ፎቶፒያ አለ። ብራውዘር ላይ በነፃ ይሠራል፤ የፎቶሾፕ ፋይልም ይከፍታል። ጂምፕም ነፃ ነው። አቀማመጡ ግን ስለሚለይ፣ ክፍል ውስጥ ፎቶሾፕ ለሚጠብቀው ተማሪ እኔ ፎቶፒያን እመርጣለሁ።

አሁን አንድ ሥራ ያዙ፤ የቡና ቤት ፖስተር ይሁን። ጥቁር ጀበና ነጭ ግድግዳ ፊት አስቀምጡና በመስኮት ብርሃን በስልካችሁ አንሱት። የቀለም ልዩነቱ ጀበናውን ከጀርባው ቆርጦ ማውጣቱን ያቀልላችኋል።

ፎቶውን ክፈቱና ኮንትሮልና ጄ (J) ቁልፎችን አንድ ላይ ተጫኑ። ቅጂው ሌላ ሌየር ላይ ይወጣል። የታችኛውን በዓይን ምልክቱ ደብቁት፤ ምንም ቢበላሽ ዋናው አለላችሁ። ከዚያ ኩዊክ ሴሌክሽን በሚባለው መምረጫ መሣሪያ ጀበናውን ምረጡ። በእጀታውና በሆዱ መሃል ያለው ክፍተት ብዙ ጊዜ አብሮ ይገባል፤ አልትን ይዛችሁ ቀንሱት።

እዚህ ጋ እጃችሁ ወደ ኢሬዘር (ማጥፊያው) እንዳይሄድ! በኢሬዘር የጠፋ ነገር፣ ፋይሉ ሴቭ ተደርጎ ከተዘጋ በኋላ አይመለስም። ይልቅ ከሌየሮቹ ግርጌ ያለውን የማስክ ምልክት ተጫኑ። ግድግዳው ከዓይን ይሰወራል እንጂ አይጠፋም። በጥቁር ብሩሽ ስትቀቡ ይደበቃል፣ በነጭ ይመለሳል፣ በግራጫ በከፊል ይታያል። ኤክስ ቁልፍ ጥቁሩንና ነጩን ያቀያይርላችኋል። ከመቀባታችሁ በፊት የተመረጠው ማስኩ መሆኑን እዩ፤ አለዚያ ፎቶው ራሱ ላይ ጥቁር ታፈሳላችሁ።

ጠርዙ ላይ አትቸኩሉ። የጀማሪ ሥራ የሚታወቀው እዚያ ነው። አጉልታችሁ በትንሽ ብሩሽ ዙሩት። ብሩሹ በጣም ከለሰለሰ ጀበናው ጭጋግ የለበሰ ይመስላል።

ብርሃኑን ከርቭስ በሚባለው የብርሃን ማስተካከያ አስተካክሉ፤ ግን እንደ አጀስትመንት ሌየር (ማስተካከያውን ብቻ የያዘ የተለየ ሌየር) ጨምሩት። ነገ ሐሳባችሁን ብትቀይሩ ፎቶው አልተነካም።

ለኅትመት አዲስ ፋይል በኤ4 መጠን፣ በ300 ሬዞሉሽን (በአንድ ኢንች 300 ፒክስል) ክፈቱ፤ 2480 በ3508 ፒክስል ይሆናል። ጀበናውን ከነማስኩ ወደዚያ ጎትቱት። የአማርኛው ጽሑፍ ባዶ ሳጥን ሆኖ ከወጣ ፎንቱ የግዕዝ ፊደል የለውም ማለት ነው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን በነፃ አውርዳችሁ ጫኑ።

ሲያልቅ ለመምህራችሁ ጄፔጉን ላኩ፤ ፒኤስዲውን (ሌየሮቹን የያዘውን የፎቶሾፕ ፋይል) ግን አትሰርዙት። «ጀርባው ይቀየር» ሲሏችሁ ሌየሮቹን የምታገኙት እዚያ ብቻ ነው።