ጠምዛዛ የግቢ መንገድ በኮብልስቶን እንዴት ይነጠፋል

ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ድንጋዩ እንደመጣ ቢነጠፍ ብዙም አያሳፍርም። መንገዱ ሲጠመዘዝ ግን ዋናው ሥራ ድንጋይ መምረጥ ነው። በእጅ የተጠረበ ኮብልስቶን 10 ሴንቲ ሜትር ይባል እንጂ ከ9 እስከ 11 ይለያያል፤ ለኩርባ የሚጠቅመውም ይኸው ልዩነት ነው።

ሥራውን ክረምቱ ወጥቶ መሬቱ ጠፈፍ ሲል፣ ከጥቅምት ጀምሮ ያስቡት። 6 ሜትር ርዝመትና 1 ሜትር ስፋት ላለው መንገድ 550 ያህል ድንጋይ (በካሬ 85 ገደማ ይገባል፣ የቀረው መጠባበቂያ ነው)፣ 0.8 ሜትር ኩብ ገረጋንቲ፣ 0.6 ሜትር ኩብ የወንዝ አሸዋና አንድ ኩንታል ሲሚንቶ ይበቃል። ከመግዛትዎ በፊት እርጥብ አሸዋ ጨብጠው ይልቀቁ፤ መዳፍዎ በጭቃ ከተለወሰ አፈር በዝቶበታል።

የአትክልት ማጠጫ ጎማ ፀሐይ ላይ አቆይተው ሲለሰልስ የአንዱን ጠርዝ ኩርባ ይዘርጉበትና በኖራ ያስምሩ። ሁለተኛውን ጠርዝ በ1 ሜትር እንጨት ይለኩ። እንጨቱ ሁልጊዜ ለኩርባው መስመር ቀጤ ነክ ይሁን፤ ከቤቱ ግድግዳ ጋር አስተካክለው ከያዙት መንገዱ መታጠፊያው ላይ ይጠባል።

23 ሴንቲ ሜትር ይቆፍሩ። በቆዩ ግቢዎች የውሃ ቧንቧው ብዙ ጊዜ ከላይ ስለሚሆን ከቆጣሪው አካባቢ ዶማ በኃይል አይሰንዝሩ። ጥቁር አፈር ካገኙ ሌላ 15 ሴንቲ ሜትር አውጥተው በገረጋንቲ ይተኩ፤ ይህ አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ንጣፉንም ይዞት ይነሳል። ለዚህም ተጨማሪ አንድ ሜትር ኩብ ያህል ገረጋንቲ ይፈልጋል።

ገረጋንቲውን በሁለት ዙር፣ እያንዳንዱን 5 ሴንቲ ሜትር እያደረጉ፣ ውሃ አርከፍክፈው ይጠቅጥቁ። ከቤቱ ርቆ በየሜትሩ 2 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይበል። ውሃው የሚያልቀው ግን ጎረቤት አጥር ሥር ከሆነ በሰኔ ጠብ ይመጣል፤ ወደ ራስዎ ቱቦ ይምሩት።

ድንጋዩን በሦስት ክምር ይለዩ፦ ትንሽ፣ መካከለኛ፣ ትልቅ። የውስጡን ጠርዝ አስቀድመው በ1 ለ3 ሲሚንቶና አሸዋ ይትከሉ። ቀጥሎ 5 ሴንቲ ሜትር አሸዋ አልብሰው፣ ከዝቅተኛው ጫፍ ተነስተው መንገዱን በሚያቋርጥ ረድፍ ያንጥፉ፤ ትንንሾቹ ወደ ውስጥ፣ ትልልቆቹ ወደ ውጭ። ክፍተቱ በውስጥ በኩል ግማሽ፣ በውጭ በኩል እስከ 1.5 ሴንቲ ሜትር ይሁን። በዚህ አመራረጥ የውስጡ ራዲየስ 3 ሜትር ገደማ እስኪሆን ድረስ ድንጋይ ሳይቆርጡ ይታጠፋል። ከዚያ ከጠበበ ከውጭ ጀምሮ መሃል ላይ የሚያበቃ አጭር ረድፍ ያስገቡ። ክፍተቱን በማስፋት ለመገላገል መሞከር ትርፉ የሚነቃነቅ ድንጋይ ነው።

የውጩ ጠርዝ በመጨረሻ ይተከል፤ ረድፎቹ የደረሱበትን ተከትሎ ስለሚሄድ መቁረጥ ያስቀራል። ከኋላው ሲሚንቶ ደግፉለት፤ ኩርባ የሚፈርሰው አሸዋው በዚያ በኩል ሲሸሽ ነው። ሦስት ቀን ውሃ እያጠጡ ያቆዩት።

ያኔ ደረቅ አሸዋ በመጥረጊያ ክፍተቶቹ ውስጥ አስገብተው፣ ጣውላ አጋድመው ይጠቅጥቁ፤ ድንጋዩ 1.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ይወርዳል። ውሃ ረጭተው አሸዋ ይጨምሩ። ክፍተቱን በሲሚንቶ መድፈን ያምራል፣ ግን ይሰነጠቅና ውሃ ያቁራል። ከመጀመሪያው ክረምት በኋላ አንድ ቦታ ከሰጠመ እዚያ ያሉትን ድንጋዮች ነቅለው አሸዋ ይሙሉና ይመልሱ።