የ1857ቱ «ሌ ፍለር ዱ ማል»፦ ሙሉ ነው ወይስ የተሞላ?

የመጀመሪያ እትም ተብሎ የቀረበው የፈረንሳዊው ገጣሚ ቦድሌር የግጥም መጽሐፍ («የክፋት አበቦች») ጥራዝ የታወቁትን የኅትመት ስህተቶች ይዟል። በገጽ 31 እና 108 ራስጌ ላይ «ፍለር» ከሚለው ቃል «ኤል» ወድቋል፤ ገጽ 45ም 44 ተብሎ ታትሟል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ፍተሻውን ያቆማል፤ ትልቁ ጥፋት ይህ ነው። ስህተቶቹ እትሙን ይጠቁማሉ እንጂ ቅጠል (የመጽሐፉ ወረቀት) አለመጉደሉን አያረጋግጡም።

ኦገስት 20 ቀን 1857 የፓሪስ ፍርድ ቤት ስድስት ግጥሞች እንዲወጡ ስለፈረደ፣ ካልተሸጡት ጥራዞች ቅጠሎች ተቆርጠዋል። ስለዚህ በሮማውያን ቁጥር 20፣ 30፣ 39፣ 80፣ 81 እና 87 የሆኑትን አንድ በአንድ መፈለግ ነው። እዚህ ሁሉም አሉ። ግን 80 እና 81 ያሉበትን ቅጠሎች በቀስታ ከፍተን ስፌቱ አጠገብ ስናይ፣ ቀጭን የወረቀት ጉማጅ ላይ በሙጫ ተለጥፈዋል። በፊት ለፊታቸው ያለው ገጽ ቡናማ ነጠብጣብ አለበት፤ እነሱ ላይ ግን አቻው የለም። ከሌላ ጥራዝ መጥተዋል ማለት ነው።

የተለጠፈው ቅጠል ፎቶ ቅጂ እንዳይሆን መብራቱን ከጎን አጋድመን፣ በ10 እጥፍ ማጉያ ጀርባውን አየን። በድሮው ማተሚያ ከእርሳስ ብረት የተሠራው ፊደል ወረቀቱን ሲጫነው ከጀርባ ትንሽ እብጠት ይተዋል፤ ፊደል ወረቀቱን በማይጫንበት በዘመናዊ የኦፍሴት ማተሚያ የታተመ ግን ልሙጥ ነው። እብጠቱ በጣት ጫፍም ይታወቃል።

መግለጫው «ሙሉ» ከሚለው ወደ «ሁለቱ ግጥሞች በሌላ ጥራዝ ቅጠሎች የተሞሉ» ተለወጠ። ሙጫውን ለማስለቀቅ አትሞክሩ፤ ወረቀቱ ይቀደዳል።