ሆል ተከራይታችሁ ልጆችና አረጋውያን ለምትሰበስቡ፦ ሴፍጋርዲንግ (ልጆችንና ተጋላጭ ሰዎችን ከጉዳት መጠበቅ) በኛ ሰፈር እንዴት ይሰራል

አንድ ቅዳሜ የአማርኛ ክፍላችን ሊያልቅ አስር ደቂቃ ሲቀረው አንድ ሰውዬ መጣና «አጎቱ ነኝ፣ ከቤት ልከውኝ ነው» አለኝ። ትህትናው ልክ፣ አለባበሱ ጥሩ፣ ልጁም ሲያየው እየሳቀ ሮጠ፣ በቃ ጃኬቱን አልብሼ ሰጠሁት። ትንሽ ቆይታ እናትየው መጣች፣ ማንንም አልላከችም። ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች በሩ ስር መሬት ላይ ነው ቁጭ ያለችው። ሰውየው እውነትም አጎት ነበር፣ የላከው አባትየው ነው (ተለያይተዋል፣ እኛ አላወቅንም)፣ ልጁም ከ40 ደቂቃ በኋላ ቺፕስ እየበላ ተገኘ። ምንም አልሆነም፣ ግን ምንም ያልሆነው እኛ ስለተጠነቀቅን አይደለም። ፖሊሲ ነበረን እኮ! ከኢንተርኔት አውርደን የማህበሩን ስም ቀይረን፣ ፈርመን ለሆሉ ባለቤት የሰጠነው።

ይሄን የምጽፈው እንግሊዝ ውስጥ ሆል ተከራይታችሁ የቅዳሜ ትምህርት ቤት፣ የእናቶች ቡና፣ የበዓል ዝግጅት ምናምን ለምታዘጋጁ ነው፤ ዌልስና ስኮትላንድ አንዳንዱ ህግ ይለያል። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የጻፍኩት።

ከመውሰጃው ልጀምር። የምዝገባ ፎርሙ ላይ ልጁን ማን ማን እንደሚወስደው ሁለት ሶስት ስም ከነስልኩ ይጻፍ፣ ከዛ ውጪ ያለ ሰው ከመጣ ያስመዘገበው ወላጅ ጋ ተደውሎ በድምፅ ካልተረጋገጠ ልጁ አይሄድም። ልጁ ማወቁ አይበቃም፣ ቅዳሴ ላይ የምናውቀው ሰው መሆኑም አይበቃም። የፍርድ ቤት ትዕዛዝ ካለ ኮፒ ጠይቁ። ይሉኝታው ይከብዳል፣ ሰው «እኔን አታምኑም?» ብሎ ይቀየማል፣ ያኔ እኔ «ጋሼ ህጉ ነው፣ ለራሴ ወንድምም አልሰጥም» ነው የምለው።

ቀጥሎ ሆሉን በስድስት ዓመት ልጅ ዓይን ዙሩት። የኛ ሆል ኪችኑ አጠገብ ገፋ ሲያደርጉት ወደ ውጪ የሚከፈት የእሳት መውጫ በር አለው፣ ውጪው መኪና ማቆሚያ ነው። አንዱ የኮሚቴ አባል በሰንሰለት እንሰረው አለ፣ ኧረ በፍፁም! የእሳት መውጫ ሰው እያለ አይታሰርም፣ ስለዚህ አንድ ሰው ወንበር ይዞ እዛ ይቀመጣል፣ አለቀ። ሽንት ቤቱን ከሌላ ተከራይ ጋር ነው የምንጋራው፣ በዛው ሰዓት ፎቅ ላይ ስፖርት የሚሰሩ አሉ፣ እና ትንንሾቹ ሁለት ሁለት ሆነው ነው የሚሄዱት፣ ትልቅ ሰው እስከ ውጪው በር ይሸኛል፣ ውስጥ አብሮ አይገባም። ቡና ካለ ጀበናውና የፈላው ውሃ ልጆች ከሚሮጡበት ይራቅ። ከሰልማ ሆሉ ራሱ አይፈቅድም፣ እጣኑም አላርሙን አስጩኾብን ያውቃል።

የሰው ቁጥርን በተመለከተ ኤንኤስፒሲሲ የሚባለው የልጆች ድርጅት ከ4 እስከ 8 ዓመት ላሉት ለ6 ልጅ አንድ ትልቅ ሰው፣ ከ9 እስከ 12 ለ8፣ ከ13 እስከ 18 ለ10 ይላል፣ ልጆቹ ጥቂት ቢሆኑም ሁሌ ቢያንስ ሁለት ትልቅ ሰው ይኑር። የ15 ዓመቷ ጎበዝ ልጅ ታግዝ ግን አትቆጠርም፣ እሷም ራሷ የምትጠበቅ ልጅ ናት። መምህርና ተማሪ በር ዘግተው ብቻቸውን አይቀመጡም፣ ዲያቆንም ይሁን የኮሚቴው ሊቀመንበር።

ዲቢኤስ (የሰውን የወንጀል መዝገብ የሚያጣራው መስሪያ ቤት፣ ማጣሪያውም በዛው ስም ይጠራል) ጋ ሰው ይነጫነጫል። ለምን እንደመጣ ማወቅ ጥሩ ነው። በ2002 ሶሃም በምትባል ትንሽ ከተማ ሁለት የ10 ዓመት ልጆችን የገደለው ሰው እዛው ያለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኬርቴከር (የግቢ ጠባቂ) ነበር፣ ድሮ በኖረበት አካባቢ ፖሊስ ተደጋጋሚ ክስ ሰምቶበት ነበር፣ ሲቀጠር ግን አልወጣም። ከልጆችና ከተጋላጭ ሰዎች ጋር መስራት የማይገባውን ሰው የሚያግደው የ2006ቱ ህግ የመጣው ከዛ ነው። ልጆችን በመደበኛነት የሚያስተምርና የሚጠብቅ ሰው ኤንሃንስድ የሚባለው (ጠለቅ ያለው ማጣሪያ) ያስፈልገዋል፣ ለበጎ ፈቃደኛ ነፃ ነው (የሚያስኬድላችሁ ድርጅት ግን ትንሽ የአገልግሎት ሊያስከፍል ይችላል)፣ ከ16 ዓመት በታች አይሰራም። ሰርተፍኬቱ በወጣ 30 ቀን ውስጥ አፕዴት ሰርቪስ (ሰርተፍኬቱን ወቅታዊ አድርጎ የሚያቆየው አገልግሎት) ላይ ከተመዘገቡ ሌላ ቦታ ሲሄዱ እንደገና መጀመር ላያስፈልግ ይችላል።

ግን እኛ ጋ አንድ ቀዳዳ አለ። ዲቢኤስ በአብዛኛው እዚህ ሀገር ያለውን መዝገብ ነው የሚያየው። አምና ከአዲስ አበባ ወይ ከዱባይ የመጣ ሰው ወረቀቱ ንፁህ ሆኖ ይወጣል፣ ምን ይታወቃል ታዲያ? ከመጣበት ሀገር ማውጣት ከቻለ ከወንጀል ነፃ ማስረጃ ይጠየቅ፣ ጥገኝነት የጠየቀን ሰው ግን ኤምባሲ ሂድ አትበሉት፣ ከዛ ይልቅ ዘመድ ያልሆኑ ሁለት ሰዎች ጋ ስለሱ ደውላችሁ ጠይቁ፣ የመጀመሪያዎቹን ወራትም ከሌላ ሰው ጋር ይስራ።

አሁን ዋናው። ልጅ ቁጭ ብሎ «በደል ደርሶብኛል» አይልም። እርሳስ እየቀረፀ፣ ጫማውን እያሰረ ጣል ያደርገዋል፦ «እኔ እነ እከሌ ቤት መሄድ አልፈልግም።» ያኔ «ውይ በሞትኩት!» ብላችሁ ደረት ከመታችሁ ልጁ ደንግጦ ይዘጋል፣ ሁለተኛ አይናገርም። ፊታችሁን ያዙ፣ ስራችሁን ቀጥሉ፣ «እሺ፣ እስቲ ንገሪኝ» በሉ፣ «ከዛስ?» በሉ። «ነካሽ እንዴ?» «አባትሽ ነው?» አይባልም፣ ቃሉን አፏ ውስጥ አታስገቡ፣ በኋላ ፖሊስ ሲጠይቃት ጉዳዩን ያበላሸዋል። «ለማንም እንዳትነግሪ» ካለች ቃል አትግቡ፣ «ሊረዱሽ ለሚችሉ ሰዎች መንገር አለብኝ፣ ስለነገርሽኝ ደግሞ ጎበዝ ነሽ» በቂ ነው። ከዛ ወዲያው በእስኪርቢቶ ጻፉ፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ማን ነበረ፣ እሷ ያለችውን ቃል በቃል። ግማሹን በእንግሊዝኛ ግማሹን በአማርኛ ካወራች እንደዛው ይጻፍ። «እዚህ ጋ» ብላ ሆዷን ካሳየች «እዚህ ጋ አለች፣ ሆዷን አሳየች» ነው የሚጻፈው፣ እናንተ የተረዳችሁት አይደለም።

ወረቀቱ ለሴፍጋርዲንግ ተጠሪያችሁ ይሰጣል። ተጠሪ አንድ ብቻ አይሁን፣ ምክትልም ይኑር፣ ሁለቱ ደግሞ ባልና ሚስት ባይሆኑ (ስቃችኋል፣ ግን በየማህበሩ አለ)። ተጠሪው የካውንስሉ የልጆች ክፍል ጋ ይደውላል፣ አደጋው አሁን ከሆነ ግን እዛ ያለ ማንም ሰው 999 ይደውላል። የተባለው በራሳችሁ መምህር ወይ በጎ ፈቃደኛ ላይ ከሆነ ካውንስሉ ውስጥ ላዶ የሚባል ኃላፊ አለ፣ በአንድ የስራ ቀን ውስጥ እሱ ጋ መድረስ አለበት፣ ተከሳሹን ጠርታችሁ «እንዲህ ይባላል፣ እውነት ነው?» አትበሉት። ወላጅ ጋ መደወልም ጉዳቱ ከቤት የመጣ ሊሆን ከቻለ መጀመሪያ ካውንስሉን ጠይቆ ነው።

እኛ ደግሞ ያለን ልማድ ሽማግሌ ነው። ሶስት የተከበሩ ሰዎች ተጠርተው፣ «ገበናችን ፈረንጅ ጋ አይውጣ» ተብሎ፣ ሰውየው ይቅርታ ጠይቆ፣ ጉልበት ስሞ፣ «ከዚህ በኋላ አይለመድም» ተብሎ ይለቀቃል። በገንዘብ ለተጣሉ፣ ለባልንጀሮች ሽምግልና ወርቅ ነው፣ እኔም ታርቄበታለሁ። ልጅ ከተነካ ግን ሽማግሌ አይገባም። ሰውየው ሌላ ሆል ሄዶ ሌላ ክፍል ያስተምራላ! በነገራችን ላይ ልጅ ጎድቷል ወይ ሊጎዳ ይችላል ብላችሁ ከስራው ያነሳችሁትን ሰው ለዲቢኤስ ማሳወቅ ህጋዊ ግዴታ ነው፣ «በሰላም ለቀቀ» ብሎ መሸኘት አይሆንም። ደግሞ ከ2022 ጀምሮ የሃይማኖት አስተማሪና የስፖርት አሰልጣኝ በመደበኛነት ከሚያስተምራቸው ከ16–17 ዓመት ልጆች ጋር ወሲባዊ ግንኙነት ቢኖረው፣ «ፈቅዳለች» ቢልም ወንጀል ነው።

ሁለት ነገር ደግሞ በተለይ እኛን ይመለከታል። አንደኛ፣ ልጅን ዘመድ ጋ ማሳደር። አያት፣ እህት ወንድም፣ አክስት አጎት፣ እንጀራ እናት ወይ አባት ከሆነ ችግር የለም፣ ከዛ ውጪ ግን (የእናትየው የአክስት ልጅም ብትሆን) ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅ 28 ቀንና ከዛ በላይ የሚቀመጥ ከሆነ ካውንስሉ ማወቅ አለበት። ቪክቶሪያ ክሊምቢዬ የምትባል የአይቮሪኮስት ልጅ ነበረች፣ ትምህርት ታገኛለች ተብላ ከአባቷ አክስት ጋር የተላከች፣ ለንደን ውስጥ በየካቲት 2000 በ8 ዓመቷ ተሰቃይታ ሞተች። ሆስፒታል አይቷታል፣ ፖሊስም ሶሻል ሰርቪስም ያውቋት ነበር፣ ቤተክርስቲያን ወስደዋትም ሰይጣን አለባት ተብሏል። ሁለተኛው ከዚሁ ይመጣል፦ «ቡዳ በልቶት ነው፣ አጋንንት ነው» ተብሎ ልጅ ሲመታ፣ ምግብ ሲከለከል ከሰማችሁ ፀሎቱንና ፀበሉን ማንም አልነካም፣ ዱላውና ረሃቡ ግን ሪፖርት ነው። በበጋው የትምህርት ቤት እረፍት ሴት ልጅ ልትገረዝ ወደ ሀገር ቤት ልትሄድ ነው የሚል ወሬም እንደዛው፣ ውጪ ወስዶ ማስገረዝ እዚህ እስከ 14 ዓመት ያሳስራል።

ትላልቆቹ ጋ አካሄዱ ይለያል። በ2014ቱ ኬር አክት (የአዋቂዎች እንክብካቤ ህግ) የሚጠበቀው 18 የሞላው፣ እንክብካቤ የሚያስፈልገውና በዛ ምክንያት ራሱን ከጉዳት መከላከል የማይችል ሰው ነው። ምልክቱ ቡና ላይ ይታያል። እትዬ ለዕቁብ ሁሌ ቀድመው ይከፍሉ የነበሩት «ካርዴን የወንድሜ ልጅ ነው የያዘው፣ እስኪ ልጠይቀው» ማለት ከጀመሩ፣ ክረምቱን ሙሉ በአንድ ሹራብ ከመጡ፣ እሱ ሲመጣ ዝም ካሉ። ብቻቸውን አግኝታችሁ ጠይቁ፣ ልጃቸው እያስተረጎመ አይሆንም። ከዛ ምን እንዲደረግ እንደሚፈልጉ ራሳቸውን ጠይቁ፣ ትልቅ ሰው ናቸው፣ «አልፈልግም» ካሉ በአብዛኛው ይከበራል፣ ሌላ ሰውም አደጋ ላይ ካለ፣ ተገደው ከሆነ፣ ወይ በመርሳት በሽታ የተነሳ መወሰን ካቃታቸው ግን ለካውንስሉ የአዋቂዎች ክፍል ይነገራል።

በጋ ላይ ደግሞ ከገልፍ ቤተሰቦች ጋር የሚመጡ የቤት ሰራተኛ እህቶች ሆሉ በር ላይ ይገኛሉ፣ አማርኛ ሰምተው የገቡ። ፓስፖርቷ እነሱ ጋ ከሆነ፣ ደሞዝ ካልተከፈላት፣ «ተመለሽ፣ ቻይው» አትበሏት፣ ከመካከላችሁ አንዱ ቤት ስራ አታስገቧትም። የዘመናዊ ባርነት መስመር 08000 121 700 ነው፣ አስተርጓሚ ያገናኛሉ።

ፎቶ በአጭሩ፦ የወላጅ ፈቃድ በጽሁፍ፣ ሙሉ ስም አይለጠፍ፣ መምህር በግል ቴሌግራም ከልጅ ጋር አያውራ። ግሩፕ ካስፈለገ ወላጅ ያለበት።

እኛ አሁን ሻይ የምናስቀምጥበት ቁም ሳጥን በር ውስጥ በኩል አንድ ወረቀት ለጥፈናል፦ የተጠሪዎቹ ስልክ፣ የካውንስሉ የቀንና የማታ ቁጥር፣ ኤንኤስፒሲሲ 0808 800 5000፣ ለልጆቹ ራሳቸው ቻይልድላይን 0800 1111። ቁልፍ የሚመልሰው ሰው መጨረሻ ላይ ሽንት ቤቶቹን ከፍቶ ያያል፣ መውጫ መዝገቡ ላይ ፊርማ የሌለው ስም ካለ በሩን አይቆልፍም።