ለአዲስ የኮምፒውተር ድረ ገጽ ጠባብ ዘርፍ እንዴት ይመረጣል?

ስለ ኮምፒውተር ድረ ገጽ ለመክፈት ያሰበ ሰው ብዙውን ጊዜ ከስሙ ይጀምራል። ዶሜይን ይገዛል፣ ሎጎ ያሠራል፣ ቴምፕሌት ሲቀያይር ያመሻል። ከዚያ ለመጻፍ ሲቀመጥ ግራ ይገባዋል። ዛሬ ስለ ቫይረስ፣ ነገ ስለ አዲስ ፕሮሰሰር፣ ከነገ ወዲያ ስለ ኤክሴል ይጽፋል። ጽሑፎቹ መጥፎ ላይሆኑ ይችላሉ። ግን አንዱን ሊያነብ የመጣ ሰው ሌላውን የሚከፍትበት ምክንያት የለውም።

በዚያ ላይ ሰፊው ሜዳ ድሮ ተይዟል። ቶምስ ሃርድዌር የተባለው የኮምፒውተር ድረ ገጽ ከ1996 ጀምሮ አለ (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1997 ተጀምሮ በጥልቅ የሃርድዌር ፍተሻው ስም ያተረፈው አናንድቴክ ደግሞ በ2024 አዲስ ጽሑፍ ማውጣት አቁሟል። ባለሙያና መፈተሻ ዕቃ ያላቸው እንዲህ በሚለፉበት ሜዳ አንድ ሰው ብቻውን "ስለ ኮምፒውተር ሁሉንም" ብሎ ቢገባ አያዋጣውም። ስለዚህ ማጥበብ የግድ ነው፤ ኒሽ መምረጥ የሚባለውም ይኸው ነው። ችግሩ ብዙ ሰው የሚያጠበው በተሳሳተ በኩል መሆኑ ነው።

ከዕቃው ሳይሆን ከሰውየው ጀምሩ

"ላፕቶፕ" ብሎ መወሰን ማጥበብ ይመስላል። አይደለም። የመጀመሪያ ላፕቶፑን የሚገዛ ተማሪ፣ ቪዲዮ ሲያቀናብር ማሽኑ የሚግልበት ኤዲተር እና ያገለገለ ላፕቶፕ ጠግኖ የሚሸጥ ነጋዴ አንድ ዓይነት ጽሑፍ አያነቡም። ዕቃው አንድ ነው፣ ጭንቀታቸው ግን ለየቅል ነው።

ስለዚህ ወረቀት አውጡና አንድ ዓረፍተ ነገር ሙሉ፦ "እንዲህ ያለ ሰው፣ በእንዲህ ያለ ኮምፒውተር ወይም ፕሮግራም፣ ይህ ነገር አልሆንለት ብሎታል።" ሦስቱም ክፍት ቦታዎች መሞላት አለባቸው። ለምሳሌ፦ የትንሽ ድርጅት ሒሳብ ያዥ፣ በኤክሴል፣ የወር መዝጊያ ሪፖርት ጊዜ እየበላባት ነው። ወይም፦ የማየት ችግር ያለበት ሰው፣ ኤንቪዲኤ በተባለው ነጻ የስክሪን አንባቢ፣ አንዳንድ ፕሮግራሞች አልታዘዝ ብለውታል። ይህ ሁለተኛው በጣም ደስ የሚል ዘርፍ ነው። ኤንቪዲኤ ከ2006 ጀምሮ እየተሠራ ያለ ፕሮግራም ነው፤ ተጠቃሚዎቹም በደንብ የተጻፈ መመሪያ ቢያገኙ እሰየው ነው የሚሉት። ግን ፕሮግራሙን በየቀኑ የሚጠቀም ሰው ነው ሊጽፍበት የሚገባው።

የራሳችሁን ሰው ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ስልካችሁን ክፈቱና ሰዎች ስለ ኮምፒውተር የላኩላችሁን መልእክት እዩ። ቤተሰብ፣ የሥራ ባልደረባ፣ የድሮ የክፍል ጓደኛ፦ ማን ምን ጠየቀ? ተደጋግሞ የመጣው ጥያቄ የትኛው ነው? ጥያቄውን እነሱ ባሉበት ቃል ገልብጡት። ሰው "የዲስፕሌይ ድራይቨር ችግር ገጠመኝ" አይልም፤ "ስክሪኔ ድንገት ጠቆረ" ነው የሚለው። ጎግል ላይም የሚጽፈው ይህንኑ ነው።

እግረ መንገዳችሁን እጃችሁ ላይ ያለውን ዕቃ ቁጠሩ። የግራፊክስ ካርድ ግምገማ የሚያጓጓ ነገር ነው፤ ካርዶቹ ከሌሉ ግን የሌላውን ሰው ቪዲዮ አይቶ ማውራት ነው የሚሆነው። አንባቢ ይህን ወዲያው ያውቀዋል። ጎግልም በዲሴምበር 2022 የይዘት ጥራት መመዘኛው ላይ የጸሐፊውን የራሱ ልምድ ጨምሯል። አንድ አሮጌ ላፕቶፕ እና አንድ ስክሪውድራይቨር ያለው ሰው ከዕቃው ጋር የሚሄድ ዘርፍ ቢመርጥ ይሻለዋል።

ሦስት ጊዜ ቁረጡ

እንዴት እንደሚቆረጥ በአንድ ምሳሌ እንየው። መነሻችን "ኮምፒውተር" ይሁን። የመጀመሪያው ቅነሳ ያረጁ ላፕቶፖች ይላል። አሁንም ሰፊ ነው። ሁለተኛው፦ ዊንዶውስ 11 አይጫንባችሁም የተባሉ ላፕቶፖች። እዚህ ላይ ነገሩ መልክ መያዝ ይጀምራል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደህንነት ቺፕ፣ ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት ማከማቻ እና ማይክሮሶፍት ዝርዝር ውስጥ የገባ ፕሮሰሰር ይፈልጋል። በኢንቴል በኩል፣ ከጥቂቶች በስተቀር፣ የሚያልፉት 8ኛው ትውልድና ከዚያ ወዲህ የመጡት ናቸው። ስለዚህ ምንም ያልሆነ ማሽን ይዘው "አይሆንም" የተባሉ ሰዎች አሉ። ሦስተኛው ቅነሳ፦ ከእነዚህ ውስጥ ማን? ቴክኒክ የማያውቅ፣ ለኢንተርኔትና ለዎርድ ብቻ የሚጠቀም፣ አዲስ መግዛት የማይፈልግ ሰው።

አሁን ጥያቄዎቹ ራሳቸው ይመጣሉ። ላፕቶፔ ቲፒኤም እንዳለው በምን አውቃለሁ? ኖሮ ባዮስ ውስጥ (ማሽኑ ሲነሳ በሚከፈተው የቅንብር ገጽ) ተዘግቶ ከሆነስ? በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ ሚንት የተባለውን ነጻ ሥርዓተ ክወና ብጭን ፋይሎቼ ምን ይሆናሉ? ፕሪንተሬስ ይሠራል? ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ ብቀይረው ይፈጥናል? የትኛውን ኤስኤስዲ ልግዛ?

ይህ የመጨረሻው ብቻውን ብዙ ጽሑፍ ይወጣዋል። ኤም.2 በሚባለው መሰኪያ ላይ የሚገቡት ሳታ እና ኤንቪኤምኢ የተባሉት ሁለት ዓይነት ኤስኤስዲዎች በመልክ በጣም ይመሳሰላሉ። አንዳንዱ ላፕቶፕ ግን ከሁለቱ አንዱን ብቻ ነው የሚቀበለው። ሰው ገዝቶ፣ ከፍቶ፣ ሰክቶ፣ ማሽኑ አላየውም ሲል ይናደዳል። ይህን ሰው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ያገኘ ድረ ገጽ ወዳጅ አፈራ ማለት ነው።

ከዚህ በላይ መቁረጥ ይቻላል፣ ግን አያስፈልግም። ወደ አንድ ሞዴል ብቻ ከወረዳችሁ ጥቂት ጽሑፍ ጽፋችሁ ወሬ ያልቅባችኋል። ልዩ የሚሆኑት አፍቃሪ ያላቸው የሞዴል ቤተሰቦች ናቸው። ቲንክፓድን ውሰዱ፦ በ1992 በአይቢኤም ተጀምሮ፣ በ2005 ከድርጅቱ የፒሲ ክፍል ጋር ወደ ሌኖቮ ተዛውሮ፣ እስካሁን ይሠራል። አሮጌዎቹን እየፈቱ የሚያሻሽሉ ሰዎችም ሞልተዋል። እንዲህ ያለ ቤተሰብ ድረ ገጽ ይሸከማል።

ሠላሳ ርዕስ ጻፉ

ጽሑፍ አይደለም፣ ርዕስ ብቻ። በአንድ ቁጭታ ሠላሳ። የመጀመሪያዎቹ አሥር ቀላል ናቸው። አሥራ አምስተኛው አካባቢ ብዙ ሰው ይንገዳገዳል። መድረስ ካቃታችሁ ወይ ዘርፉ ከልክ በላይ ጠብቧል፣ ወይ እናንተ አታውቁትም። የትኛው እንደሆነ ለመለየት ዝርዝሩን ዘርፉን ለሚያውቅ ሰው አሳዩት። እሱ ወዲያው አሥር ከጨመረላችሁ ችግሩ እናንተ ጋ ነው። በተቃራኒው ሠላሳው ሳይከብዳችሁ ካለቀና ርዕሶቹ እርስ በርስ የማይተዋወቁ ከሆኑ አንድ ጊዜ ተጨማሪ ቁረጡ።

የፍለጋውን ገጽ በዓይናችሁ እዩት

የቁልፍ ቃል መፈለጊያ መሣሪያ የሚሸጡ ብዙ ናቸው። ለጀማሪ አያስፈልጉም ባይ ነኝ። ከርዕሶቻችሁ አሥሩን ያህል ምረጡና የቀድሞ ፍለጋችሁን በማይጠቀመው የኢንኮግኒቶ መስኮት፣ በምትጽፉበት ቋንቋ፣ ተራ ሰው እንደሚጠይቀው አድርጋችሁ ፈልጓቸው። ከዚያ ማን እንደወጣ ተመልከቱ።

አምራቾቹ ራሳቸውና ትልልቅ መጽሔቶች ገጹን ከሞሉት ያንን ጥያቄ ለጊዜው ተዉት። ከላይ የተቀመጠው ከብዙ ዓመት በፊት የተጻፈ፣ መጨረሻው ላይ "ተፈታልህ ወይ?" ተብሎ መልስ ያላገኘ የፎረም ጥያቄ ከሆነ ግን ቦታው ክፍት ነው። መልስ ተብሎ የቀረበው ለሌላ ሞዴል ወይም ለድሮ ቨርዥን ከሆነም እንደዚያው። ምንም ካልወጣ ቶሎ አትደሰቱ። ወይ ማንም አልጻፈበትም፣ ወይ ማንም አይጠይቀውም። ይህን ለመለየት ጥያቄውን ስትጽፉ ጎግል ራሱ እየሞላ የሚያመጣቸውን ቃላት እዩ፤ ሰዎች የሚፈልጉት ነገር ከሆነ ብዙውን ጊዜ እዚያ ብቅ ይላል።

አንድ ወጥመድ አለ። በአንድ መስመር የሚመለሱ ጥያቄዎችን አትመኑ። "ስክሪንሾት በየትኛው ቁልፍ ነው?" ብዙ ሰው ይጠይቃል፣ ግን መልሱ ፍለጋው ገጽ ላይ ስለሚታይ ማንም ወደ እናንተ አይመጣም። ጎግል ከሜይ 2024 ጀምሮ በኤአይ የተዘጋጁ መልሶችን ከውጤቶቹ በላይ በስፋት ማሳየት ከጀመረ ወዲህ ይህ ብሶበታል። የሚያዋጣው ፎቶ፣ ልኬት ወይም ሙከራ የሚፈልግ ጥያቄ ነው። የላፕቶፕን የታች ክዳን ስለመክፈት አስቡ። አንዳንዱ ላይ ሁለት ብሎኖች ከጎማ እግሮቹ ሥር ተደብቀዋል። ብሎኖቹ ርዝመታቸው ይለያያል፤ ረጅሙን በአጭሩ ቦታ አጥብቆ ያሰረ ሰው ሌላ ጉዳት ሊያመጣ ይችላል። የትኛው ብሎን ከየት እንደወጣ በራሳችሁ ፎቶ ላይ ምልክት አድርጋችሁ ብታሳዩ፣ ያንን ጽሑፍ በአንድ አንቀጽ ጨምቆ የሚተካው የለም።

የአንድ ቃል ፍለጋ በጊዜ ሂደት ሲወጣና ሲወርድ የሚያሳየውን ጎግል ትሬንድስንም አንድ ጊዜ ተመልከቱት፤ ነጻ ነው። ከ0 እስከ 100 የሚያሳየው ቁጥር የፈላጊው ብዛት እንዳልሆነ ብቻ አትርሱ። 100 ማለት በመረጣችሁት ጊዜና ቦታ ውስጥ ፍላጎቱ ጫፍ የደረሰበት ነጥብ ነው። ጠቃሚው የመስመሩ አቅጣጫ ነው፦ እየወረደ ነው፣ ቀጥ ብሏል፣ ወይስ በየዓመቱ በተወሰነ ወር ይነሳል?

ዘርፉ እስከ መቼ ይኖራል?

ኮምፒውተር ላይ የተጻፈ ነገር ቶሎ ያረጃል። አዶቢ ፍላሽ የተባለውን የድረ ገጽ አኒሜሽንና ጨዋታ ማጫወቻ በ2020 መጨረሻ ሲያቆም ፍላሽ ብቻ ሲያስተምር የነበረ ሁሉ አብሮ ቆሟል። ባንጻሩ ኤክሴል ከ1985 ጀምሮ አለ፤ ስለ ቀመሮቹ በደንብ የተጻፈ መመሪያ ዓመታት ያገለግላል። ባክአፕ፣ የፋይል አያያዝ፣ የይለፍ ቃል አጠባበቅም እንደዚሁ ናቸው። የአዳዲስ ዕቃ ዜና ግን በሳምንት ይሞታል፤ ብቻውን ለሚሠራ ሰው አልመክረውም።

የዊንዶውስ 10 ምሳሌያችንም ከዚህ አያመልጥም። እነዚያ ላፕቶፖች አንድ ቀን ይጣላሉ። ሰውየው ግን ይቀራል። ዊንዶውስ ኤክስፒ በ2014፣ ዊንዶውስ 7 በ2020፣ ዊንዶውስ 10 በ2025 ድጋፋቸው ሲቆም "ማሽኔን ሳልጥል ምን ላድርግ?" ያለው ያው ዓይነት ሰው ነው። ከሰው ጀምሩ ያልኩት ለዚህም ነው። "የዊንዶውስ 10 ድረ ገጽ" ያለው ይዘጋል፤ "አሮጌ ኮምፒውተሩን ማቆየት ለሚፈልግ ሰው" ያለው ቀጣዩን ይጠብቃል።

ገንዘቡ

እዚህ ላይ ባጭሩ። ከማስታወቂያ ገቢ ካሰባችሁ የማስታወቂያ ኔትወርኩ የምትጽፉበትን ቋንቋ መደገፉን አስቀድማችሁ አጣሩ፤ ሁሉም አይደግፍም። አፊሊየት ሊንክ (አንባቢው በእናንተ ሊንክ በኩል ሲገዛ ኮሚሽን የሚያስገኝላችሁ) የሚሠራው አንባቢው ዕቃ ሊገዛ ሲያስብ ነው፦ የኤስኤስዲ ጽሑፍ ይሸጣል፣ "ፋይሌን በስህተት አጠፋሁት" የሚለው ጽሑፍ እምብዛም አይሸጥም። ችሎታ የሚያስተምር ዘርፍ ደግሞ ለኮርስ ወይም ለተዘጋጀ ፋይል ሽያጭ ይመቻል፤ የሒሳብ ያዧ የኤክሴል ቅጽ እዚህ ይገባል።

ዶሜይን ከመግዛታችሁ በፊት

አምስት ጽሑፎችን እስከ መጨረሻው ጻፉ። በነጻ የብሎግ አገልግሎት ላይ ልታወጧቸው ትችላላችሁ፤ ካልሆነም ጥያቄውን ለጠየቋችሁ ሰዎች ላኩላቸው። ሁለት ነገር ታያላችሁ። አንደኛ፣ ሰውየው ጽሑፉን እያየ ሥራውን ጨረሰ ወይስ መሃል ላይ ደወለላችሁ? ከደወለ የትኛው መስመር ላይ እንደቆመ ጠይቁት፤ ስድስተኛው ርዕሳችሁ እሱ ነው። ሁለተኛ፣ አምስተኛውን ስትጽፉ ስልችት አላችሁ? እንዲያ ከሆነ ሃምሳኛው ጋ አትደርሱም፣ የምትጽፉለት ሌላ ዓይነት ሰው ፈልጉ።

ካለፋችሁ ስሙን ምረጡ። የቨርዥን ቁጥር ስሙ ውስጥ አታስገቡ። የድርጅት የንግድ ምልክትንም ራቁ፤ "ዊንዶውስ" የሚለው ስም የማይክሮሶፍት ነው፣ ዶሜይናችሁ ውስጥ መክተቱ ጣጣ ሊያመጣ ይችላል። ሰውየውን የሚጠራ፣ ስታድጉ የማያስራችሁ ስም ይሻላል።

ድረ ገጹ እንደተከፈተ ጎግል ሰርች ኮንሶል ላይ አስመዝግቡት፤ ይህም ነጻ ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ ሰዎች ምን ብለው ሲፈልጉ እናንተ እንደታያችሁ የሚያሳየውን ዝርዝር ክፈቱ። ለማስፋት የምትወስኑት ከዚህ ዝርዝር ተነስታችሁ ነው። ለምሳሌ ስለ ሊኑክስ ሚንት በጻፋችሁት ውስጥ ስለ ፕሪንተር አንድ አንቀጽ አለ እንበል። ዝርዝሩ ላይ ብዙ የፕሪንተር ጥያቄ ካያችሁ፣ ያንን አንቀጽ አውጡና ራሱን የቻለ ጽሑፍ አድርጉት፣ ከመጀመሪያው ጽሑፍም ሊንክ ስጡት። ስለ ስካነርና ስለ ዋይፋይ የሚጠይቁት ሰዎችም ብዙውን ጊዜ ያንኑ ተከትለው ይመጣሉ።