ባቡሩ መሃል መንገድ ላይ እንዳይቆም፦ የሞዴል ሐዲድ ገጠማና ሽቦ ዝርጋታ

የሞዴል ባቡር የሞከረ ሰው ይህን ያውቀዋል። ሐዲዱን ክብ አድርጎ ይገጥማል፣ ሁለት ሽቦ ያገናኛል፣ ባቡሩ ይነሳል። ሽቦው ከገባበት ቦታ እየራቀ ሲሄድ ግን ይዝላል። ማዶ ሲደርስ ቀጥ ይላል። በጣት ገፋ ሲያደርጉት ደግሞ ይሄዳል። ብዙዎች ሞተሩን ይጠረጥራሉ። እኔ መጀመሪያ የማየው ሐዲድን ከሐዲድ የምታያይዘውን ቀጭን ብረት ነው።

ሁለቱ ሐዲዶች ሁለት የኤሌክትሪክ ሽቦዎች ናቸው። ኃይሉ በአንደኛው ሐዲድ መጥቶ በብረት ጎማው ወደ ሞተሩ ይገባል፣ በሌላኛው ይመለሳል። ማያያዣዋ ስትላላ ወይም ስትዝግ በየመገናኛው ትንሽ ትንሽ ቮልት ይጠፋል። ስለዚህ ማያያዣዋ ሐዲዱን ቀጥ አድርጋ ትያዝልን እንጂ ኃይል እንድታሻግር አንመናት። ለእያንዳንዱ የሐዲድ ቁራጭ የራሱን ሽቦ እንስጠው።

መጀመሪያ መደቡ። በጣም በተለመደው በ1:87 መጠን (ከእውነተኛው ባቡር 87 ጊዜ ያነሰ) የሁለቱ ሐዲዶች ርቀት 16.5 ሚሊ ሜትር ነው። ለጀማሪ 1.2 በ2.4 ሜትር የሆነ ፕላይውድ ይበቃል። ኩርባውን ከ45 ሴንቲ ሜትር ራዲየስ አታጥብቡት፣ ረጃጅም ፉርጎዎች ይወድቃሉ። ሐዲዱን ሳታጣብቁ ዘርጉና በየመገናኛው ላይ ጥፍራችሁን አሂዱ። ጥፍር የሚይዝበት ቦታ ጎማም ይይዛል፤ ነቅላችሁ እንደገና ግጠሙት።

ቀጥሎ ከመደቡ ሥር ሁለት ወፍራም ዋና ሽቦ፣ አንድ ቀይ አንድ ጥቁር፣ የሐዲዱን መንገድ ተከትላችሁ ዘርጉ። 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ከበቂ በላይ ነው። ከየሐዲዱ አጠገብ በድሪል ቀዳዳ አውጡና 0.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ አጭር ሽቦ ወደ ታች አውርዳችሁ ከዋናው ሽቦ ጋር አገናኙ። የውጭው ሐዲድ ሁልጊዜ ቀይ፣ የውስጡ ሁልጊዜ ጥቁር ይሁን። አንድ ቦታ ከተቀያየረ ሾርት ነው።

ብየዳው ትዕግሥት ይፈልጋል። የሐዲዱን ውጫዊ ጎን እስኪያበራ ድረስ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉ። ትንሽ የብየዳ ፓስታ ቀቡት፤ ለቧንቧ የሚሆነው አሲድ ያለበት ግን አይሁን፣ ቀስ በቀስ ብረቱን ይበላል። ከግራና ከቀኝ እርጥብ ጥጥ አስቀምጡ፣ አለበለዚያ ከሥር ያለው ፕላስቲክ ይቀልጣል። የሽቦውን ጫፍ አስቀድማችሁ ሊድ (ቀልጦ የሚያጣብቀውን የብየዳ ብረት) አልብሱት። ከዚያ ሽቦውን ሐዲዱ ላይ አስደግፋችሁ በጋለው መበየጃ ጫን አድርጉ። ሊዱ መጀመሪያ ይደፈርሳል፣ ወዲያው እንደ ውሃ አብረቅርቆ ይፈስሳል። ያኔ መበየጃውን አንሱ፣ ሽቦውን ግን እስኪረጋ አታነቃንቁ። ሁለት ሦስት ሰከንድ ሥራ ነው። ሊዱ ድቡልቡል ብሎ ላዩ ላይ ከተቀመጠ አልያዘም፤ ጎተት ስታደርጉት ይነሳል። ሁሉንም መገናኛ ግን በብየዳ አትዝጉ፣ መደቡም ሐዲዱም በሙቀት ይንቀሳቀሳሉና ትንሽ ክፍተት ይተውላቸው።

ኃይል ከመልቀቃችሁ በፊት ባቡሩን አንሱና በመልቲሜትር (ሽቦ ከሽቦ ሲገናኝ ድምፅ በሚሰጥ የኤሌክትሪክ መለኪያ) ሁለቱን ሐዲዶች ንኩ። ጢጥ ካለ የሆነ ቦታ ተነካክተዋል። ይህን ሙከራ በየሦስት አራቱ ብየዳ ብትደጋግሙት ስህተቱን ፍለጋ ሙሉ ቀን አትባክኑም። ትራንስፎርመሩን ግን በፍጹም አትክፈቱ። ሐዲዱ ላይ ያለው 12 ቮልት ገደማ ነው፣ ሣጥኑ ውስጥ የሚገባው የግድግዳው ኃይል ግን ይገድላል።

መንገዱ ተራ ክብ ሳይሆን ባቡሩን አዙሮ በመጣበት ሐዲድ ወደ ኋላ የሚመልስ ከሆነ ቀዩ ከጥቁሩ ጋር ይገናኛል። እዚያ የመዞሪያውን ሁለቱንም ሐዲዶች በሁለቱም ጫፍ ቆርጣችሁ የፕላስቲክ ማያያዣ አድርጉና ለብቻው ቀዩንና ጥቁሩን የሚያለዋውጥ የኃይል አቅጣጫ መቀየሪያ ስጡት።

ሩቁ ቦታ ላይ ቮልት መጥፋት አለመጥፋቱን ለማወቅ የምትለኩት ባቡሩ እየሄደ ነው። ቆሞ ከሆነ ወደ ሞተሩ የሚሄድ ኃይል ስለሌለ ቅርቡም ሩቁም እኩል ያሳያችኋል። በመጨረሻ ባቡሩን መሄድ በሚችልበት ዝቅተኛ ፍጥነት አንድ ዙር አዙሩት። ድንግጥ ያለበትን ቦታ በጠመኔ ምልክት አድርጉ፣ ከዚያ ከመደቡ ሥር ገብታችሁ የዚያን ቦታ ሽቦ ጎተት አድርጉት።