ለአዲስ አበባ ዳገት የሚሆን ርካሽ ጠፍጣፋ ፔዳል እንዴት ይመረጣል፣ እንዴትስ ይገጠማል?

ከለገሃር ተነስቶ በቸርችል ጎዳና ወደ ፒያሳ የሚወጣ ብስክሌተኛ ዳገቱ ሲከብደው ከኮርቻው ብድግ ብሎ ይረግጣል። ያኔ የሰውነቱ ክብደት በሙሉ ተራ በተራ ከአንዱ ፔዳል ወደ ሌላው ይዛወራል። 75 ኪሎ የሚመዝን ሰው ላፕቶፕና ምሳ ዕቃ በጀርባው ከያዘ ከ80 ኪሎ በላይ የሆነ ጫና በአንድ ቀጭን ብረት ላይ ያሳርፋል። ይህ ብረት ፔዳሉን ከክራንኩ፣ ማለትም በርግጫ ከሚዞረው ክንድ፣ ጋር የሚያያይዘው ፔርኖ ነው። ገንዘብዎ የተቆጠረ ከሆነ ለፔርኖውና ፔዳሉን በላዩ ለሚያሽከረክረው ኩሽኔታ ይክፈሉ። አካሉ ፕላስቲክ ቢሆን ግድ የለም።

ልኩን ማወቅ

አሮጌውን ፔዳል ፈትተው የፔርኖውን ጫፍ ውፍረት በማስመሪያ ይለኩ። 14 ሚሊ ሜትር ገደማ ከሆነ 9/16 ኢንች የሚባለው ነው፤ አብዛኛው የአዋቂ ብስክሌት ይህን ይወስዳል። 12.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ከሆነ ደግሞ 1/2 ኢንች ነው። ይህኛው የሚገኘው በልጆች ብስክሌት ላይና ግራና ቀኝ ክንዱ ከአንድ ወጥ ብረት ተጠምዝዞ በተሠራ ክራንክ ላይ ነው። ትንሹ በትልቁ ቀዳዳ ሳይነክስ ሾልኮ ይገባል፣ ትልቁ በትንሹ ጭራሽ አይገባም። አንዳንድ የድሮ የፈረንሳይ ብስክሌቶች ከሁለቱም የተለየ፣ በሚሊ ሜትር የተቆረጠ የቡሎን ጥርስ አላቸው። ስለዚህ ከሁሉም የሚሻለው አሮጌውን ፔዳል በፌስታል ይዞ ወደ ሱቅ መሄድ ነው።

በየትኛው ጫማ ነው የሚረግጡት?

ብዙ ሰው ይህን ጥያቄ ዘልሎ ነው የሚገዛው። የብረት ጉጥ የተተከለበት የተራራ ብስክሌት ፔዳል ስኒከርን አጥብቆ ይይዛል። ነገር ግን የቢሮ ጫማ ሶልን በአጭር ጊዜ ይበላል፣ እግር ካመለጠ ደግሞ ቅልጥምን ይቧጭራል። ዙሪያውን እንደ መጋዝ የተከረከመ ቆርቆሮ ያለው ርካሽ ፔዳልም ችግሩ ያው ነው፤ በዚያ ላይ የሚይዘው በጠርዙ ብቻ ስለሆነ ሶሉ ቀጭን የሆነ ጫማ ያደረገ ሰው የቆርቆሮው ጠርዝ ከሥር ይሰማዋል።

በቆዳ ጫማ ወይም በቀጭን ሶል ለሚመላለስ ሰው የሚስማማው አካሉ ከጠንካራ ናይለን የተሠራ፣ ጉጦቹም ከዚያው ከናይለኑ የወጡ ፔዳል ነው። ጉጦቹ በጣትዎ ሲነኳቸው ሻካራና ከፍ ያሉ መሆን አለባቸው። ልሙጥ ፕላስቲክ ግን በሐምሌ ዝናብ ከቆዳ ሶል ጋር ሲገናኝ ያንሸራትታል። ለእንዲህ ዓይነቱ ፔዳል አንድ ብርም ቢሆን አያውጡ። ላዩ በጎማ የተለበጠው ለጫማ የዋህ ነው፤ ሆኖም ጎማው በቡሎን የታሰረ እንጂ በማስቲሽ ብቻ የተለጠፈ አለመሆኑን ያረጋግጡ።

ስፋቱ እግርዎን ይቻል። 40 እስከ 43 ቁጥር ለሚጫማ ከ95 እስከ 105 ሚሊ ሜትር ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ለሚጫማ 110 ሚሊ ሜትር ይሻላል። ከዚህ የሰፋ ፔዳል ብስክሌቱ ኩርባ ላይ ሲያዘነብል አስፋልት ይነካል። በኮሪደር ልማቱ በተሠሩት የብስክሌት መስመሮች ላይ ወደ ጠርዙ ተጠግቶ ሲነዳም ድንጋዩን ይገጫል። ሁለት ፔዳሎች በሌላው ሁሉ እኩል ከሆኑ ቀጭኑን ይውሰዱ።

ሱቅ ውስጥ፣ ከመክፈልዎ በፊት

የፔዳሉን አካል በግራ እጅዎ ጨብጠው ፔርኖውን በቀኝ ጣቶችዎ ያሽከርክሩ፤ ዓይንዎ የፔርኖው ጫፍ ላይ ይሁን። ጫፉ ባለበት ቀጥ ብሎ መዞር አለበት። ክብ እየሠራ የሚንገዋለል ከሆነ ፔርኖው ጎብጧል ወይም ሲሠራም ቀጥ አላለም። ቀጥሎ ፔርኖውን ወደ ላይና ወደ ታች ይነቅንቁት። ቀጭ ቀጭ ካለ ኩሽኔታው ላልቷል። ሲዞር አሸዋ ያለበት ያህል ከተሰማዎት ደግሞ ከልክ በላይ ተጠብቋል ወይም ግራሶ የለውም። ሁለቱም የሚስተካከሉ ናቸው፤ ነገር ግን ሌላ ጥንድ እያለ እሱን የሚመርጡበት ምክንያት የለም።

እዚህ ላይ ሻጮችም ገዢዎችም የሚሳሳቱት ነገር አለ። አንድ ጊዜ ሲመቱት ረጅም ጊዜ የሚሽከረከር ፔዳል ጥሩ ይመስላል። ብዙ ጊዜ ግን እንዲያ የሚሆነው ግራሶ ስለሌለው ነው። በግራሶ የተሞላና ውሃ እንዳያስገባ በጎማ የታሸገ ፔዳል ከአንድ ሁለት ዙር በኋላ ይቆማል፤ ለከተማችን ክረምት የሚፈለገውም እሱ ነው።

ከዚያ የፔዳሉን የውጭ ጫፍ ይመልከቱ። በካቻቢቴ የሚነሳ ክዳን ካለው ከሥሩ ዳዶ ይኖራል፤ ስለዚህ ተፈትቶ ይታጠባል፣ ግራሶ ይቀባል፣ ይጠበቃል። ጫፉ ድፍን ከሆነና የሚከፈትበት መንገድ ከሌለው የላላ ዕለት መጣሉ ነው። በጣም ርካሽ በሆኑት ውስጥ ጭራሽ ኩሽኔታ የሌላቸው፣ ፕላስቲኩ በቀጥታ ብረቱ ላይ እየተፋተገ የሚዞርባቸውም አሉ። ከእነዚህ ይራቁ።

ለቅለት ተብሎ ለሚጨመር ዋጋ እጅዎን አይፍቱ። ጥሩ የናይለን ጥንድ ከ300 እስከ 400 ግራም ይመዝናል፤ 50 ግራም ለመቀነስ የሚከፈለው ብር ለቻርጀር መብራት ወይም ለፍሬን ሸራ ቢውል ይጠቅማል። ከውጭ የሚያመጣልዎት ዘመድ ካለ የሺማኖን ወይም የታይዋኑን ዌልጎን ዝቅተኛ ደረጃ ምርቶች ማስመጣት ይችላሉ፤ ሁለቱም ለከተማ ከበቂ በላይ ናቸው። አንጸባራቂ ያለውን መምረጥም ያዋጣል፤ ማታ ከካዛንቺስ ወደ መስቀል አደባባይ ሲወርዱ ወደ ላይና ወደ ታች የሚንቀሳቀስ ቢጫ ብርሃን ከኋላ ለሚመጣ ሾፌር ቶሎ ይታያል።

አሮጌውን መፍታት

ቀጭን ባለ 15 ቁልፍ ያስፈልጋል። አንዳንድ ፔዳሎች ከክራንኩ ጀርባ በኩል በ6 ወይም በ8 አለን ቁልፍ ይፈታሉ። ካቴናውን ከፊት ባለው ትልቁ የካቴና ጥርስ ላይ ያድርጉት፤ ቁልፉ ድንገት ሲለቅ እጅዎ የሚያርፈው ሹል ጥርስ ላይ ሳይሆን ካቴናው ላይ ይሆናል።

የግራው ፔዳል ጥርስ ተገልብጦ የተቆረጠ ነው። በእግር ጫና ምክንያት ፔርኖው በቀዳዳው ውስጥ በጣም በትንሹ ስለሚንከባለል፣ ግራው እንደ ማንኛውም ቡሎን ቢቆረጥ ኖሮ እየተነዳ ይፈታ ነበር። አቅጣጫው ከጠፋብዎት ይህን ይያዙ፦ ቁልፉን ሽቅብ አቁመው ወደ ኋላ ጎማ ከገፉት ይፈታል፣ ወደ ፊት ጎማ ከገፉት ይጠብቃል። ለሁለቱም ጎን ይሠራል።

እምቢ ካለ ያልተሳሳቱ መሆንዎን መጀመሪያ ያረጋግጡ። ከዚያ ዝገት የሚያላላ ዘይት ረጭተው ያሳድሩትና በማግስቱ ቁልፉ ጫፍ ላይ ቱቦ ሰክተው ይሞክሩ። የብረት ፔርኖና የአሉሚኒየም ክራንክ ያለ ግራሶ ከተገናኙ ውሃ ያጣብቃቸዋል። በመዶሻ መቀጥቀጥ ክራንኩን ያበላሻል።

አዲሱን መግጠም

የክራንኩን ቀዳዳ በጨርቅና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ያጽዱ። በፔርኖው ጥርስ ላይ ስስ ግራሶ ዙሪያውን ይቀቡ። ጫፉ ላይ R የተጻፈበት የቀኝ፣ L የተጻፈበት የግራ ነው። ፊደሉ ከጠፋ ፔርኖውን ቀጥ አድርገው ያቁሙት፤ መስመሮቹ ወደ ቀኝ ሽቅብ ካዘነበሉ የቀኝ ነው።

አሁን ቁልፉን ያስቀምጡና በጣትዎ ያስገቡት። ቢያንስ ሦስት አራት ዙር ያለ ቁልፍ መግባት አለበት። ከግማሽ ዙር በኋላ ከያዘ ጠሞ ገብቷል፤ አውጥተው እንደገና ይጀምሩ። የክራንክ ጥርስ የሚበላው እዚህ ጋ በቁልፍ ሲያስገድዱት ነው። ከተበላ ቶርኖ ቤት ቀዳዳው እንዲሰፋ ተደርጎ ጥርስ ያለው ቡሽ (የብረት ቀለበት) ይገባበታል። ከዚያ በፊት ግን የአንድ ክራንክ ክንድ ዋጋ ይጠይቁ፤ አንዳንዴ መለወጡ ይረክሳል።

ሲጠበቅ ልኩ ከ35 እስከ 40 ኒውተን ሜትር ነው። መለኪያ ቁልፍ ከሌለ፣ 20 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ባለው ቁልፍ ጫፍ ላይ ከ18 እስከ 20 ኪሎ የሚሆን ኃይል መጫን ማለት ነው። ከአንድ ሳምንት መመላለስ በኋላ እንደገና ይፈትሹት። የላላ ፔዳል እየተነዳ የክራንኩን ጥርስ ይበላል፤ በየርግጫው የሚሰማ ቀጭታ ካለ ቤት እስኪደርሱ አይጠብቁ፣ ወርደው ያጥብቁት።

ከክረምት በፊትና በኋላ

የሚከፈት ፔዳል ከገዙ በግንቦት መጨረሻና በጥቅምት መጀመሪያ ይክፈቱት። ክዳኑን አንስተው ዳዶውንና ሮንዴላውን ይፍቱ፣ ብዮቹን ሰሃን ላይ አራግፈው ይቁጠሩ። በነጭ ጋዝ አጥበው ያድርቋቸው፣ በአዲስ ግራሶ መልሰው ይደርድሯቸው። መወዛወዙ እስኪጠፋ ያጥብቁና በጣም በትንሹ መለስ አድርገው ዳዶውን ይቆልፉ። ብስክሌቱን ሲያጥቡ የውሃ ቱቦውን በቀጥታ ወደ ፔዳሉ ጎን አያነጣጥሩ፤ ግፊቱ ግራሶውን አስወጥቶ ጭቃውን ያስገባል። ኩሽኔታው ድፍን የሆነ ፔዳል ግን ሲወዛወዝ ቀጥታ ይለወጣል፣ ሁልጊዜም በጥንድ።